በሸክላና በክር ውስጥ የተደበቁ ስሞች፦ ብዙም ያልታወቁ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂዎችና ተጫዋቾች እንዴት ይገኛሉ?

ክላሲካል ሙዚቃ ሲነሳ በብዙዎች አእምሮ ቀድመው የሚመጡት የባኽ፣ የሞዛርትና የቤትሆቨን ስሞች ናቸው። ይሁንና እነዚህ ደራሲዎች ትተው ያለፉት በወረቀት ላይ የሰፈረ ኖታ ብቻ ነው። ኖታውን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ተጫዋቹ ሲሆን፣ የተጫዋቹን ድምፅ ደግሞ ለቀጣዩ ትውልድ የሚያቆየው ሸክላው፣ ክሩ ወይም ሲዲው ነው። አንድ ታዋቂ የፒያኖ ኮንሰርቶ ቀረጻ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ ከመቶ ጊዜ በላይ በተለያዩ ተጫዋቾች ተቀርጾ ሊገኝ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ዘወትር የሚደመጡትና ስማቸው የሚነሳው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። የተቀሩት በሬድዮ ጣቢያ መጋዘኖች፣ በቤተ መዛግብት፣ በግለሰቦች ቤትና በአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ተቀምጠው ፈላጊ ይጠብቃሉ።

የእነዚህ ቅጂዎች መረሳት ሁልጊዜ የጥራት ጉድለትን አያመለክትም። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርቡት ማስረጃዎች እንደሚያሳዩት አንድን ተጫዋች ዕውቅ ሌላውን ደግሞ ስም አልባ ከሚያደርጉት ምክንያቶች መካከል የንግድ ስሌት፣ የፖለቲካ ድንበር፣ ሕመምና በሳጥን ላይ በስህተት የተጻፈ አንድ ስም ይገኙበታል። (ከሕግ ቁጥር በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የቴክኒኩን ጉዳይ መመልከት ይገባል። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሙዚቃ በስፋት የሚሠራጨው በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞር ሸክላ ነበር። የትልቁ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ የሚደርስ ድምፅ ብቻ ነው። በመሆኑም አንድ ሙሉ ሲምፎኒ ለመስማት አራት፣ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሸክላዎችን እያገላበጡ ማጫወት ግድ ይል ነበር። በ1948 በእያንዳንዱ ገጹ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዘው ረጅም ሸክላ ገበያ ላይ ዋለ። በ1982 ደግሞ ሲዲ ተከተለው። በእያንዳንዱ ሽግግር ወቅት አሳታሚ ኩባንያዎቹ ወደ አዲሱ ዘዴ ያሸጋገሩት ይሸጥልናል ያሉትን ነው። አይሸጥም የተባለው ቅጂ በአሮጌው ሸክላ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማጫወቻው ከየቤቱ ሲጠፋም አብሮት ጠፋ። ስለዚህ ዛሬ “ታላላቅ ቅጂዎች” እየተባሉ የሚቀርቡት ዝርዝሮች የሙዚቃ ሊቃውንት ፍርድ ብቻ ሳይሆኑ የቀድሞ የሽያጭ ክፍሎች ውሳኔም ጭምር ናቸው ማለት ይቻላል።

ለዚህ በምሳሌነት የምትጠቀሰው በ1924 በዛሬዋ ሩማኒያ ቲሚሾዋራ ከተማ የተወለደችው የሃንጋሪ ቫዮሊን ተጫዋች ዮሃና ማርትሲ ናት። ማርትሲ በ1950ዎቹ አጋማሽ የባኽን ለብቻ ቫዮሊን የተደረሱ ስድስት ሥራዎች ሙሉ በሙሉ በሸክላ አስቀርጻለች። በ1979 በስዊዘርላንድ ስታርፍ ስሟን የሚያነሳ ብዙ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን የእነዚያን ሸክላዎች የመጀመሪያ ዕትም ለማግኘት ሰብሳቢዎች በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ መክፈል ጀመሩ። አርቲስቷ ከዚህ ገንዘብ ያገኘችው ጥቅም እንደሌለ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ከንግዱ ጎን ለጎን የፖለቲካ ድንበርም የራሱን ድርሻ ተጫውቷል። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የፒያኖ ሊቅ የነበረው ሳሙኤል ፋይንበርግ የባኽን አርባ ስምንት ፕሬሉዶችና ፊውጎች ከ1958 እስከ 1961 ባለው ጊዜ ውስጥ በሙሉ አስቀርጾ በ1962 አረፈ። በምዕራቡ ዓለም የሚገኙ አድማጮች በአብዛኛው ይህን ሥራ የሰሙት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በሌላ በኩል የጀርመን ሬድዮ በጦርነቱ ዘመን በክር የቀረጻቸው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኮንሰርቶች በ1945 ወደ ሞስኮ ተወስደው ከቆዩ በኋላ መመለስ የጀመሩት በ1987 ነው። ከአርባ ዓመታት በላይ ባለቤቱ ያልሰማው የገዛ ድምፁ ማለት ነው።

የሶቪየት ዘመን ተጫዋቾችን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ ተገቢ ይሆናል። ስለ ፒያኖ ተጫዋቿ ማሪያ ዩዲና (1899-1970) በተደጋጋሚ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ስታሊን በሬድዮ የሰማውን የሞዛርት ኮንሰርቶ ሸክላ እንዲያመጡለት ሲያዝ ቀረጻው ስላልነበረ፣ ዩዲና በሌሊት ተጠርታ እንድትጫወትና አንድ ቅጂ ብቻ እንዲታተም ተደረገ ይባላል። ታሪኩ ለመተረክ እጅግ ያመቻል፤ ፊልም ውስጥም ገብቷል። ይሁንና ይህን የሚያረጋግጥ ሰነድ አልተገኘለትም። ያልታወቁ ቅጂዎችን የሚያፈላልግ ሰው ደጋግሞ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። ትረካው ከሙዚቃው ቀድሞ ይደርሳል፤ ጆሮም በትረካው ይመራል። ዩዲና የትረካው ድጋፍ የማያስፈልጋት ታላቅ ተጫዋች መሆኗን ከሌሎች ቅጂዎቿ መረዳት ይቻላል።

ጆሮ በስምና በትረካ ሲመራ ምን እንደሚከተል ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው የዲኑ ሊፓቲ ጉዳይ ነው። ሊፓቲ በ1917 በቡካሬስት የተወለደ ሩማንያዊ ፒያኖ ተጫዋች ሲሆን፣ በሊምፍ ዕጢ ካንሰር ታምሞ ታኅሣሥ 2 ቀን 1950 በጄኔቫ በ33 ዓመቱ አርፏል። ከመሞቱ ሁለት ወር ተኩል ቀደም ብሎ፣ መስከረም 16 ቀን 1950፣ በፈረንሳይዋ ቤዛንሶን ከተማ የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ። ሐኪሞቹ ቢመክሩትም ቃሉን ማጠፍ አልወደደም። በዕለቱ ከባኽ፣ ከሞዛርትና ከሹበርት ሥራዎች በኋላ የሾፐንን አሥራ አራት ዋልሶች ሊጫወት አቅዶ ነበር። አሥራ ሦስቱን ከተጫወተ በኋላ አቅም ከዳው፤ አሥራ አራተኛውን አልጨረሰም። ኮንሰርቱ በሬድዮ ተቀርጾ ስለነበረ እስከ ዛሬ ይደመጣል።

ሊፓቲ ዕድሜው አጭር በመሆኑ ትቶት ያለፈው ቅጂ ጥቂት ነው። ፈላጊው ግን ብዙ ነበር። በ1960ዎቹ ኢ.ኤም.አይ. የተባለው የብሪታንያ አሳታሚ ኩባንያ ሊፓቲ ተጫውቶታል የተባለ የሾፐን የመጀመሪያው ፒያኖ ኮንሰርቶ ቅጂ አሳተመ። በሸክላው ልባስ ላይ የኦርኬስትራውም ሆነ የመሪው ስም አልተገለጸም። በመዝገብ ሥራ ላይ የቆየ ማንኛውም ሠራተኛ ላኪው ያልታወቀ ደብዳቤ ሲደርሰው እንደሚጠራጠር ሁሉ፣ ይህ ጉድለት በወቅቱ ጥያቄ ማስነሳት ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ቅጂው በደስታ ተቀባይነት አገኘ፤ የሊፓቲ ልዩ የአጨዋወት ስልት በግልጽ የሚታይበት ነው ተብሎም ተወደሰ።

በ1981 ቢ.ቢ.ሲ. ይህን ቅጂ በሬድዮ ካሰማ በኋላ ከአድማጮች አንዱ የሰማው አጨዋወት በቤቱ ካለው ሌላ ሸክላ ጋር አንድ መሆኑን አስታወቀ። የተጠቀሰው ሸክላ የቼኮዝሎቫኪያው ሱፕራፎን ኩባንያ በ1950ዎቹ ያሳተመው ነው። ተጫዋቿ ፖላንዳዊቷ ሃሊና ቼርኒ ስቴፋንስካ፣ ኦርኬስትራው የቼክ ፊልሃርሞኒክ፣ መሪው ቫስላቭ ስሜታቼክ ነበሩ። ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ሲመረመሩ የአድማጩ ጥቆማ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ በተደረገው ፍለጋ ሊፓቲ በየካቲት 1950 በዙሪክ ይህንኑ ኮንሰርቶ በኦቶ አከርማን መሪነት የተጫወተበት እውነተኛ ቅጂ ተገኝቶ ታትሟል። የድምፅ ጥራቱ ከቀድሞው ያነሰ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የኢ.ኤም.አይ. ስህተትና የሊፓቲ ዕጣ ነው። በዚህ ዘጋቢ እምነት ግን ይበልጥ ሊጤን የሚገባው የሃሊና ቼርኒ ስቴፋንስካ ጉዳይ ነው። ቼርኒ ስቴፋንስካ ተራ ተጫዋች አልነበረችም። በ1949 በዋርሶ በተካሄደው የሾፐን ዓለም አቀፍ ውድድር ከቤላ ዳቪዶቪች ጋር አንደኛ ሽልማትን ተጋርታለች። ሆኖም ያንኑ ኮንሰርቶ በራሷ ስም ስታስቀርጽ በምዕራቡ ዓለም እምብዛም ትኩረት አላገኘም። በሟቹ ሊፓቲ ስም ሲወጣ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ተደነቀ። ድምፁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በልባሱ ላይ ያለው ስም ነው። እርሷ በሕይወት ነበረች፤ ያረፈችውም በ2001 ነው። ውዳሴው ሁሉ የእርሷ እንደነበረ ለማወቅ ግን አንድ ጠንቃቃ የሬድዮ አድማጭ አስፈለገ።

የሊፓቲው ጉዳይ የስህተት ውጤት ነበር። ሆን ተብሎ የተፈጸመው ደግሞ በ2007 ይፋ ሆነ። ጆይስ ሃቶ የተባለችው እንግሊዛዊት ፒያኖ ተጫዋች በ1970ዎቹ በመድረክ መጫወት ካቆመች ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ባለቤቷ ዊሊያም ባሪንግተን ኩፕ በሚመራው አነስተኛ ኩባንያ አማካይነት ከመቶ በላይ ሲዲዎች በስሟ መውጣት ጀመሩ። ለፒያኖ ከተደረሱት ሥራዎች አስቸጋሪ የሚባሉት ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በካንሰር እየተሠቃየች ይህን ሁሉ ሠርታለች የሚለው ዜና የብዙዎችን ልብ ነካ። በ2006 ስታርፍም የእንግሊዝ ጋዜጦች “የተደበቀች ሊቅ” በሚል መንፈስ ዘገቡላት።

ማታለሉ የተጋለጠበት መንገድ ቀላል ነው። ግራሞፎን የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አንባቢ የሆነ ሰው የሃቶን የሊስት ኤቱዶች ሲዲ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሲያስገባ፣ ኮምፒዩተሩ የተጫዋቹን ስም ላስሎ ሲሞን ብሎ አሳየ። ኮምፒዩተሩ ሙዚቃ አዋቂ ሆኖ አይደለም። እያንዳንዱ ሲዲ በውስጡ ያሉት ክፍሎች የት እንደሚጀምሩና ምን ያህል እንደሚረዝሙ የሚገልጽ ማውጫ አለው። ፕሮግራሙ ይህን ማውጫ በዓለም ዙሪያ ከተሰበሰበ የመረጃ ቋት ጋር ያመሳክራል። የርዝመቱ መመሳሰል በአጋጣሚ ሊሆን ይችል ይሆናል ተብሎ የድምፁ ሞገድ በባለሙያ ሲነጻጸር ግን አብዛኞቹ ክፍሎች በእርግጥ የሲሞን ሆነው ተገኙ። ምርመራው ሲቀጥል በሃቶ ስም የወጣው የራህማኒኖቭ ሦስተኛ ኮንሰርቶ የየፊም ብሮንፍማን፣ የብራምስ ሁለተኛ ኮንሰርቶ ደግሞ የቭላድሚር አሽከናዚ ቅጂ መሆናቸው ታወቀ። እንዳይለዩ ሲባል ፍጥነታቸው በጥቂቱ የተለወጠም ነበሩ። ኮንሰርቶዎቹን መራ የተባለው “ሬኔ ኮለር” የሕይወት ታሪክ ሳይቀር ቢወጣለትም፣ እንዲህ የሚባል መሪ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አልተገኘም። ባለቤቷም በመጀመሪያ ቢክድም በኋላ ድርጊቱን አምኗል።

ከጉዳዩ ሁሉ አሳፋሪው ክፍል የሃያሲዎቹ ነው። ያንኑ የራህማኒኖቭ ቅጂ በብሮንፍማን ስም ሲወጣ በቀዝቃዛ ቃላት የተቀበለ ሃያሲ፣ በሃቶ ስም ሲመጣለት እጅግ አወድሶታል። ይህን ማንሳት ሃያሲን ለማጥላላት አይደለም። ስም፣ ሕመምና ሞት በጆሮ ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ያሳያልና ነው። ላስሎ ሲሞንን በሚመለከትም ስሙን ብዙ አድማጭ ያወቀው ሥራው ከተሰረቀ በኋላ መሆኑ የነገሩን አቅጣጫ ያመለክታል። የታወቀ ስም ስለሌላቸው ብቻ ያልተሰሙ፣ ነገር ግን በሌላ ስም ቢቀርቡ የሚደነቁ ቅጂዎች ዛሬም በብዛት አሉ።

እንግዲህ አንድ ቅጂ የማን መሆኑ በምን ይታወቃል? በሸክላ ላይ ከሆነ በመሐሉ ባለው ወረቀትና ሙዚቃው በሚያልቅበት መስመር መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረ ቁጥር ይገኛል። ይህ ቁጥር የተሰጠው በፋብሪካ ውስጥ ለራሱ ለቀረጻው ሲሆን፣ ወረቀቱ ቢቀየር ወይም ልባሱ ቢጠፋ እንኳ ቁጥሩ አይለወጥም። የኩባንያዎቹ የቀረጻ መዝገብ ካለ ቁጥሩን በመከተል ቀኑን፣ ቦታውንና ተጫዋቹን ማግኘት ይቻላል። የኮንሰርት ቅጂ ከሆነ ደግሞ የአድማጭ ሳል፣ የወንበር መንኳኳትና በተጫዋቹ የተሳሳተ አንድ ኖታ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚሳሳቱት ከስንት አንዴ ነውና።

የፍጥነት ጉዳይም አለ። “78” የሚባሉት የጥንት ሸክላዎች ሁሉም በትክክል በ78 ዙር የተቀረጹ አይደሉም፤ ከዚያ ያነሱም የበለጡም ይገኛሉ። በተሳሳተ ፍጥነት የተጫወተ ሸክላ ዜማውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል፤ የድምፃዊውንም መልክ ይለውጣል። ስለዚህ ባለሙያው የዘፈኑን ትክክለኛ ቁልፍ ከኖታው አይቶ ፍጥነቱን ያስተካክላል።

ክርን በሚመለከት ጉዳዩ አጣዳፊ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተመረቱ ክሮች መካከል በርካታዎቹ ማጣበቂያቸው እርጥበት ስለሚስብ ከጊዜ በኋላ ይሟልጫሉ፤ በማጫወቻው ላይ ሲሽከረከሩም የድምፁን ንጣፍ እየፋቁ ያስቀራሉ። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ክር በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሰዓታት አሙቀው ለአጭር ጊዜ እንዲጫወት ያደርጉና በዚያው ፋታ ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጡታል። ከዚያ ቀደም ያሉት በአሴቴት የተሠሩ ክሮች ደግሞ ሲበላሹ የኮምጣጤ ሽታ ያመጣሉ። የክምችት ክፍል በር ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ሥራው ዘግይቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ክር ለባለሙያ ሳያሳዩ “እስቲ እንስማው” ብሎ ማጫወቻ ላይ መጫን የመጨረሻውን ዕድል ማበላሸት ሊሆን ይችላል።

ይህ ዘጋቢ በሥራ አጋጣሚ በጎበኘው አንድ የክምችት ክፍል ውስጥ በርከት ያሉ የክር ሳጥኖች “ሙዚቃ፣ ልዩ ልዩ” ከሚል ጽሑፍ በስተቀር ሌላ መረጃ አልነበራቸውም። ማን ተጫወተ፣ መቼ፣ የት፣ በማን ፈቃድ የሚሉት አራት ጥያቄዎች በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ቢመለሱ ኖሮ ብዙ ድካም ይቀር ነበር። “ልዩ ልዩ” የሚለው ቃል በፋይል ሥራ ላይ ያለውን ጉዳት የሚያውቁ አንባቢያን ጉዳዩን ለመረዳት አይቸገሩም።

የተረሱ ቅጂዎች ወደ አደባባይ የሚመለሱበት ሌላው በር ሕግ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሮች የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ቀድሞ 50 ዓመት የነበረውን የድምፅ ቅጂ ጥበቃ በ2011 ባወጣው መመሪያ ወደ 70 ዓመት አሳድጎታል። በአሜሪካ ደግሞ በ2018 በወጣ ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት የታተሙ የድምፅ ቅጂዎች ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆነዋል። የጥበቃው ጊዜ ሲያበቃ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የተዉትን ቅጂ አነስተኛ አሳታሚዎች አጽድተው ያወጡታል። ይህ ሁለት ገጽታ አለው። ጊዜው ማጠሩ አድማጩን ሲጠቅም፣ በሕይወት ያለውን ተጫዋች ወይም ቤተሰቡን ሊጎዳ ይችላል። የትኛው ይመረጥ የሚለው በየአገሩ የሚያከራክር ሲሆን፣ የማርትሲ ሸክላዎች ዋጋ ሲታይ ክርክሩ የተጫዋቹን ወገን ይዞ የሚነሳበትን ምክንያት መረዳት አያዳግትም።

አንዳንዴ ደግሞ የሚገኘው ቅጂ ሳይሆን ኖታው ራሱ ነው። በ2009 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሴንት አን በተባለች አነስተኛ ከተማ አንድ የተተወ ቤት ለማደስ የገቡ ሰዎች የፍሎረንስ ፕራይስን የእጅ ጽሑፎች አገኙ። ፕራይስ (1887-1953) ሲምፎኒዋ በታላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ የተጫወተላት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን፣ ይህም የሆነው በ1933 በቺካጎ ነበር። በቤቱ ውስጥ ከተገኙት መካከል ሁለት የቫዮሊን ኮንሰርቶዎችና አራተኛው ሲምፎኒዋ ይገኙበታል። ዛሬ በታላላቅ ኦርኬስትራዎች የሚቀረጹት እነዚህ ሥራዎች ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ የነበሩ ናቸው።

በአገራችንም ከዚህ ጋር በቅርበት የሚነጻጸር ታሪክ አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በታኅሣሥ ወር 1923 በአዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃን በዚያ ጀመሩ። በፋሺስት ወረራ ወቅት ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተግዘው በአዚናራ ደሴትና ኔፕልስ አጠገብ በሚገኘው መርኮሊያኖ ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለው ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ የነበረው ተስፋ ፈቃድ ሳያገኝ በመቅረቱ ከዓለማዊው ኑሮ ርቀው ወደ ግሸን ማርያም አመሩ፤ መነኮሱም።

ፒያኖውን ግን ፈጽመው አልተዉትም። በ1960ዎቹ በጀርመን አገር የገዛ ድርሰቶቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውንም ለበጎ አድራጎት አዋሉት። ሸክላዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ከጥቂት ሰዎች በስተቀር የሰማቸው አልነበረም። እማሆይ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኑሯቸውን ቀጠሉ። ዓለም የሰማቸው በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው “ኢትዮፒክስ” በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሲዲ ሃያ አንደኛ ቁጥር ላይ ሥራዎቻቸው ሲወጡ ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሦስት ገደማ ደርሶ ነበር። አጨዋወታቸው ከአውሮፓ የፒያኖ ትምህርት ጋር የኢትዮጵያን ቅኝቶችና የቤተ ክርስቲያን ዜማ መንፈስ ያጣመረ በመሆኑ፣ አሳታሚዎች በየትኛው መደርደሪያ እንደሚያስቀምጡት ተቸግረው አንዳንዴ ከጃዝ ጋር መድበውታል። የተሳሳተ መደርደሪያም እንደ ተሳሳተ ስም ሁሉ የራሱን መዘዝ ያስከትላል። ክላሲካል የሚፈልገው አድማጭ አያገኘውም፤ ጃዝ የሚፈልገውም የጠበቀውን አይሰማም።

እስራኤላዊቷ የፒያኖ ባለሙያ ማያ ዱኒዬትስ ወደ ገዳሙ በመመላለስ ከእማሆይ እጅ የተቀበለቻቸው የእጅ ጽሑፍ ኖታዎች በፌስታል ውስጥ የተቀመጡ ነበሩ። ከእነዚህ የተመረጡት ተስተካክለው በ2013 በመጽሐፍ ታትመዋል። የኖታው መታተም ከሲዲው ይልቅ ብልጫ ያለው ጥቅም አስገኝቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላ ተጫዋች ሥራውን አንሥቶ ሊጫወተው የሚችለው ኖታው ሲኖር ነውና። የእማሆይን መንገድ የሚያስታውስ ሥራ በመሥራት ላይ ከሚገኙት መካከል በአዲስ አበባው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያ ሶፊያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ ተጠቃሽ ነው። በ2014 በአሜሪካ የታተመው የፒያኖ አልበሙ አምባሰልን በመሳሰሉ የአገር ቤት ቅኝቶች ላይ የተመሠረተ ነው።

ለማዳመጥ ለሚፈልግ አንባቢ የሚያስፈልገው ወጪ ብዙ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2011 በከፈተው “ናሽናል ጁክቦክስ” የተሰኘ ድረ ገጽ ላይ ከአሥር ሺህ በላይ የመጀመሪያ ዘመን ቅጂዎችን ያለ ክፍያ ማድመጥ ይቻላል። አጀማመሩን በተመለከተ ይህ ዘጋቢ የሚመክረው በመቶ ስሞች ዝርዝር ከመጀመር ይልቅ አንድ አጭር ሥራ፣ ለምሳሌ አንድ የሾፐን ዋልስ መርጦ በሦስት የተለያዩ ተጫዋቾች፣ ከተቻለም ስማቸውን ሳያዩ መስማት ነው። ከዚያ በኋላ ስሙን ማየት ያስገርማል። ምሽት ላይ ከሥራ በኋላ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ሸክላ ማንንም አያደክምም። የድምፁ መንኳኳት መጀመሪያ ላይ ቢያስቸግርም ጆሮ በአምስተኛውና በስድስተኛው ጊዜ ይለምደዋል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም መጋቢት 26 ቀን 2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል። ከዕረፍታቸው በኋላ በ2024 አንድ ተጨማሪ አልበም ወጥቷል። ይህ አልበም ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ውስጥ በቤታቸው በተራ ቴፕ የተቀረጸ ሲሆን፣ እማሆይ ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ያዜሙበት ነው። ቀድሞ በወጡት ሥራዎች በአብዛኛው የሚሰማው ድምፃቸው ሳይሆን ፒያኖው ነበር። በቅጂው ላይ ከዜማው ጋር ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩ ወፎች ይሰማሉ።